ገጽ አርባ ሦስት

ለልጄ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ዛሬ ልጽፍልሽ ነው። በፊት ግን፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጣቶችሽ በብርድ ዛሬም ይጠዘጥዙሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት፤ ወደ አንቺ ልትመጣ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ሸክፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ቅጽ በስልክ ያልሽኝ አላስተኛኝም። «የፎርማኖቹን ቋንቋ ከመረጠች እኔ ቤት እንዳትመጣ!» አልሽ። ልጅቷ የምታውቀው እሱን ነው። ሌላውን ከፊደሉ ከጀመረች ሁለት ክፍል ዝቅ ያደርጓታል። ቅጹ ዓርብ ይዘጋል። «እማዬ ለምን ጠላችው?» ትለኛለች። እኔ «እናትሽን ጠይቂ»፣ አንቺ «አያትሽን ጠይቂ»፤ እንደ ኳስ ተቀባበልናት።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ከፋብሪካ የመጣው ሁለት ጥርሱ ረግፎ ነበር። ፎርማኑ በቡጢ ጥሎት፣ በወደቀበት በቋንቋው ሰድቦታል። በዚያው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ከፍራሽ ሥር ሲያገኝ «የማነው?» አለ። አንቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ «የኔ ነው» አልሽ።

እኔ ዝም አልኩ።

ቀኝ እጅሽን መጽሐፉ ላይ ዘርግቶ በመዶሻ መታው። አንዴ አልበቃውም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር ያ አጥንት ነው የሚሰማኝ። ለነርሷ «በር ዘግቶባት ነው» አልኳት። «ምን ዓይነት በር ነው ደጋግሞ የሚዘጋው?» አለችና አንቺን አየች። አንቺ ደግሞ እኔን።

ይህን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ቀጥሎ ያለውን ነው። አንቺን ሐኪም ቤት አስተኝቼ ተመለስኩ። ፎርማኑ ቤት ልብስ ሳጥብ ከቆሻሻ ውስጥ ያነሳሁትን፣ ብቻዬን ፊደል የቆጠርኩበትን ያንን መጽሐፍ ከወለሉ አነሳሁ። ደምሽን በቀሚሴ ጠረግኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ገጽ አርባ ሦስት ነበር። እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አነበብኩ።

ልጅሽን ያስተማርኳት ከዚያው ነው። «አያቴ፣ ይሄ ቡናማ ነገር ምንድነው?» ስትለኝ «ቀለም ፈሶበት ነው» አልኳት። «ባለቤቱ ዝርክርክ ነበር በይኛ!» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ቋንቋው ምንም አላደረገሽም፣ ልጄ። ያኔ ከአፌ መውጣት የነበረበት ይኸው፤ መጽሐፉ የኔ ነው።

ያንን እጅሽን ፈጣሪ ይባርክልኝ።

ዝም ያለችው እናትሽ

መጽሐፉ ሻንጣዋ ውስጥ ነው። ፖስታውን አላሸግኩትም። ይህን ጽሑፍ ከአንቺ በፊት የምታነበው ልጅሽ ናት።