ሽጉጥ ያላለፈው፣ ጠመንጃ ያለፈው ሰደርያ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ የፖሊስ ትጥቅና አልባሳት ማከፋፈያ ክፍል ኃላፊ፣

ጓድ ኃላፊ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎ፣ ሳንባዎ፣ ጎድንዎ ሁሉ ሸጋ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ነርስ ነኝና የሰው ጤና የምጠይቀው እንዲህ ዘርዝሬ ነው። በጭልጋ፣ በአይከል መንገድ የተመታው የአሥር አለቃ የሻው ባለቤት፣ የዓለምወርቅ እባላለሁ፤ ምስጋና ላቀርብ ነው የምጽፈው።

አንደኛ፣ ባለቤቴንና ባልደረቦቹን ሽፍታ ወደበዛበት ጭልጋ ከመላክዎ በፊት ጥይት መከላከያ ሰደርያ ስላደሏቸው አመሰግናለሁ። በዕደላው ዕለት ሰደርያውን ግንድ ላይ አስረው በሽጉጥ ሲያስተኩሱበት ጥይቱ ሳያልፍ ቀረ፤ ተጨበጨበም። የሻው ብቻ እጁን አውጥቶ፣ «ጓድ ኃላፊ፣ ሽፍታው የያዘው ጠመንጃ ነው፤ በጠመንጃም ቢሞከርልን?» አለ። እርስዎም «ጥርጣሬ የአድኃሪ ጠባይ ነው፤ ተቀመጥ!» ብለው አስተማሩት። ቤት መጥቶ ይህን ሲያወራልኝ እየሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ሽፍቶቹ ራሳቸው ስለመለሱለት አመሰግናለሁ። ከዳገቱ ላይ የተተኮሰው የጠመንጃ ጥይት በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጣ። ሆስፒታል ሲያመጡት ተረኛዋ እኔ ነበርሁ፤ የሰደርያውን ማሰሪያ የፈታሁት በገዛ እጄ ነው። ጥይቱ የሰደርያውን ጨርቅ እየጎተተ ወደ ደረቱ ይዞት ገብቶ ስለነበር፣ ከቁስሉ ውስጥ ብጥስጣሹን ለቀምን። «ዓለሜ፣ ከበደኝ፤ አውልቂልኝ» አለኝ። ቀድሜ አውልቄለት ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ሦስተኛ፣ ሐዘን ላይ ሳለሁ ስላልረሱኝ አመሰግናለሁ። ሟቹ ማሰሪያውን በሚገባ ባለማሰሩ የመንግሥት ንብረት እንዳስበሳ ገልጸው፣ ሰደርያው ተጥፎ ለተተኪው እንዲሰጥ አዘዙ። ምነው፣ ጓድ? እኔ የፈታሁት ማሰሪያ የማን ነበር?

ተተኪው አድማሴ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ደጄ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ሰደርያውን ተቀበል ተብዬ ነው» አለኝ። ከሆስፒታል ወደ ቤቴ ይዤው የመጣሁትን ሰደርያ አወጣሁና ጣቴን በደረቱ ቀዳዳ አስገብቼ አሳየሁት፤ ቀጥሎ ጀርባውን አዞርሁለት። እርሱም ጣቱን አስገባበት። «ይቅርብኝ፤ አይስጡኝ» አለና ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እርሱና ባልደረቦቹ ሰደርያዎቻቸውን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ከምረው፣ በጠመንጃ ካልተሞከረልን አንለብስም ብለው መቆማቸውን እርስዎም ያውቃሉ። የየሻው ሰደርያ ግን እዚያ ክምር ውስጥ የለም። ፒያሳ ላይ፣ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ሰቅየዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጣቱን እያስገባ ይፈትሸው። መልሽ ካሉኝ፣ የሻውን እንደላክሁላችሁ አድርጋችሁ መልሱልኝ፤ እኔም ያንጊዜ እመልሳለሁ።

ጥይት ከማይደርስበት ወንበርዎ ላይ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣
የየሻው ሚስት የዓለምወርቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስሜንና ሥራዬን ያልደበቅሁት እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ሊይዙኝ የሚልኳቸውን ፖሊሶች ግን እባክዎ ሰደርያ አያልብሷቸው፤ እኔ ጠመንጃ የለኝም፤ የቤቴን ዳገት በከንቱ ተሸክመውት እንዳይወጡ።