የአባን ነጭ ሴሎች ስቆጥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

«አባባ፣ በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ?» ይለዋል ዶክተሩ አባቴን! ሰላት አስታጉሎ የማያውቅ ሰው፣ በሰባት ሕሙማን ፊት! አባ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደም ልቀዳ መርፌ ይዤ ቆሜያለሁ። 

ትናንት ነው ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ያመጡት፣ ሆዱን ይዞ እጥፍ እንዳለ። ሕመሙ እስከ ጀርባው ይወጋዋል፤ ያስመልሰዋል። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ደሴ ከመጣ ሦስት ወር አልሞላውም። «ቆሽታቸው ተቆጥቷል። ይሄ ብዙ ጊዜ የጠጪ በሽታ ነው» አለኝ ኮሪደር ላይ። እዚሁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምሠራ መሆኔ እንኳ አላሳፈረውም።

መብራት የለም። ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር ወስጄ በፀሐይ ብርሃን ቆጠርኩ። ነጭ ሴሎቹ ከልክ በላይ ናቸው።

የታዘዘው፦ ግሉኮስ በደም ሥር። ማስታገሻ። በአፍ ምንም፣ ውኃም ቢሆን። በትልቁ ጽፌ አልጋው ራስጌ ሰቀልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ጨምረዋል። አብዛኞቹ እነዚያ አስኳላቸው የተቆራረጠው ናቸው፣ ጀርም ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት። «ታዲያ ጀርሙ የት አለ?» አልኩት ዶክተሩን፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ላይኖር ይችላል» አለና የምርመራ ወረቀት ጀርባ ላይ ቆሽት ሣለልኝ። ምግብ የሚፈጨው ጭማቂ መውጫ ሲያጣ ቆሽቱን ራሱን ይፈጫል። ነጭ ሴሎች የተጎዳውን ሊያጸዱ ይደርሳሉ። ሲበዙ ግን በሚረጩት ነገር ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ሌሎችን ይጠራሉ፤ በደም ተጉዘው ሳንባ ይገባሉ። «ምግብ ከቀመሱ ጭማቂው ይጨምራል፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል።»

ስንት ዓመት ነው ለበሽተኛው ሁሉ «ነጭ ሴል ጠባቂህ ነው» ስል የኖርኩት? የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃዎች ትዝ አሉኝ፣ ሊጠብቁን ተመርጠው የጎረቤቴን በር የሰበሩት። ይህን ገጽ መቅደድ ሳይሻል አይቀርም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ቀለል ብሎት ነበር። ነበር!

ከሰዓት ስገባ ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የአባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ከድጃ፣ ከቢስቲማ የዶሮ መረቅ ይዘው መጥተው ግማሽ ሳህን አጠጥተውታል። እሱም የእህቱን እጅ መመለስ ነውር ሆኖበት ጠጣ። ከዚያ አስመለሰው። ከዚያ ጮኸ። አባ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«ገደሉት!» አልኳቸው። «ወረቀቱን አላዩም?»

«ወላሂ፣ ሦስት ቀን በባዶ ሆዱ አስተኝታችሁት እኔ ነኝ ገዳይ?» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። «ወረቀቱንስ አይቸዋለሁ። በእናንተ ፊደል ነው።»

አክስቴ የሚያነቡት የቁርኣኑን ፊደል ነው። አማርኛውንም የሚጽፉት በዚያው ነው፤ ልጅ ሳለሁ ደብዳቤያቸውን የሚያነብልኝ አባ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው የሰቀልኩት። ለአንድም ዘመድ በአፌ አልተናገርኩም። ማን ላይ ልናደድ?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ነጭ ሴሎቹ ከእስካሁኑ ሁሉ የበዙት ዛሬ ነው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ዶክተሩ ደረቱን አዳምጦ «ሳንባቸው እየተነካ ነው» አለ። ኦክስጅን ተደረገለት። በዚህ መሐል ከቀበሌ መልእክት መጣ፤ ከነገው ስብሰባ መቅረት አይቻልም። አይቻልም! ይምጡና ይውሰዱኝ።

የአባ ዓይን ቢጫ መሰለኝ። ማንም ሳያዘኝ ሽንቱን መረመርኩ። የሐሞት ቀለም አለበት። ውጤቱን ወስጄ ዶክተሩ ፊት አስቀመጥኩለት።

«የሐሞት ጠጠር» አለ ቀስ ብሎ። «መውጫውን የዘጋው ጠጠር ነው።»

«አረቄ አይደለም?»

«አይደለም።»

እንዴት አድርጌ እንዳየሁት አላህ ያውቃል።

አክስቴን ከግቢው በር ውጭ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መግባት አፍረዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ሴሎቹ ነገርኳቸው።

«የገዛ ደሙ?» አሉ። «ጠላት ሳይገባበት?»

አዎ አልኳቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ከቀኝ ወደ ግራ ጽፈው ከእኔው ወረቀት ጎን ሰቀሉት። ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው።

«እህል ያቀመሰው ወንድሜን ገደለው ይላል።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አክስቴ ከጠዋት ጀምረው በሩ ላይ ናቸው። ከሰኞ ገበያ ሰፈር ሁለት ዘመዶች አጥሚትና ማር ይዘው መጡ። «ዱዓ አድርጉና እቃችሁን ይዛችሁ ውጡ» አሏቸው አክስቴ።

ስብሰባ አልሄድኩም። ቆጠርኩ። ቀንሰዋል። አላመንኩም፤ ሌላ ጠብታ ወስጄ እንደገና ቆጠርኩ። ቀንሰዋል።

ውጤቱን ለዶክተሩ ስሰጠው «ሰው ፊት የተናገርከውን ሰው ፊት አንሣው» አልኩት። አቀረቀረ። ከዚያ ገባ። «አባባ፣ በሽታዎ የሐሞት ጠጠር ነው። መጠጥ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ ሰባቱም አልጋ በሚሰማው ድምፅ።

 የአባ ትንፋሽ ገና አጭር ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ጠጠሩ እዚያው ይኑር ወይ ይለፍ ማንም አያውቅም። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ግድግዳውን ሲያይ የከረመው ሰውዬ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ።