ለሰላም የመረጥኩላት ሰዓት

ጥር 6 ቀን 2017፣ ደባርቅ

ጅቡቲ ባሕር ውስጥ እየጠለቀች የምትሠራው ልጄ ሰላም ዛሬ የሁለት ዳይቭ ኮምፒውተር ፎቶ ላከችልኝ። እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰሩ፣ ጥልቀት የሚለኩ ናቸው። «አባዬ፣ አንተ ምረጥልኝ» አለች። ትንሹ ያምራል። ትልቁ ግን ከባሕር ከወጣች በኋላ፣ ቶሎ ከፍታ ላይ መውጣት ለጠላቂ አደገኛ ስለሆነ፣ እስከ መቼ አውሮፕላን መሳፈርም ተራራ መውጣትም እንደሌለባት ይናገራል።

«እስከ ከተራ እጠልቃለሁ። ትልቁን ከገዛሁ በማግስቱ አትሳፈሪ ይለኛል፤ ለጥምቀት አልደርስላችሁም» አለችኝ እየሳቀች።

እኔ ደግሞ ስንቱን ቱሪስት ይዤ የስሜን ተራራን እስከ ጨነቅ ሰፈር ስወጣ «ቀስ በሉ፣ ተራራው የትም አይሄድም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቸኩሎ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ትልቁን አልኳት።

እናቷ ሰምታ ኖሮ ተቆጣች። «ልጄን በሰዓት ከለከልከኝ!» ምሳዬን አስቀምጣልኝ ወደ ደጅ ወጣች። እኔስ የማልናፍቅ መስሏት ይሆን?

አሁን ድምጿ ከደጅ ይሰማኛል። የጥምቀቱን በግ እንዲያርድልን የለመንነውን ጎረቤታችንን እያነጋገረችው ነው።

«ዘንድሮ ጥምቀት እኛ ቤት ዘግይቶ ነው የሚገባ። በጉ ይቆይ።»