አባትሽ ሁለቴ ያረሰው ማሳ

ናፍቆቴ ልጄ፣ ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ በጣም ደህና ነን።

አባትሽ የተመረጠበትን ምክር ቤት ለመደው። ዕድሜውን ከበሬ ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው፣ ስለ መስኖው ሕግ ወረቀት ሳያይ ተናግሮ ሚኒስትሩን አፉን አስያዘው ብልሽ ታምኛለሽ? የተቃወሙት ሳይቀሩ አጨበጨቡለት።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን ያው ገበሬ ነው፤ ከረባቱን አጥር ላይ ሰቅሎ እርፍ ይጨብጣል። ባለፈው የታችኛውን ማሳ ትልሙን ቀጥ አድርጎ አረሰው፤ ራሱ ዘርቶት ቡቃያው ብቅ ያለውን ማሳ። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «እጅህ አሁንም ያው ነው» አልኩት። ሰኞ ሲሄድ መልሼ ዘራሁት።

የዚያን ቅዳሜ ራት ላይ ደግሞ ላንቺም ሳህን አስቀምጦ፣ «ከትምህርት ቤት አልመጣችም እንዴ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ናት» ብዬዋለሁ።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ አታስዋሺኝ።

እናትሽ