ቀዩ መሬት ነው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ልብስ አጠብኩ። ሽንኩርትና ፍሬቻ ገዛሁ፣ በአንድ ዘንቢል።

ከተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ ደብዳቤ መጥቷል። ሞተር ሳይክሉ እስከ የካቲት 20 መታጠፉን የሚያሳይ ፍሬቻ ካልተገጠመለት ታርጋው ይሰረዛል። የኛ እንግሊዝ ሠራሽ ደግሞ ሲወለድም ፍሬቻ አልነበረውም። ባለቤቴ እግሩን ካመመው ወዲህ አይነዳውም። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አምና፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ... እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እሱ ግን ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ለአሮጌ ብረት ገዢው ደወለ። "ታርጋ ከሌለው ብረት ነው" ይላል። ሰውዬው ቅዳሜ 22 መጥቶ ሊወስደው ነው።

ባለሱቁ መብራቱን ብልጭ ድርግም የምታደርገዋን ትንሽ ሳጥን ሲሰጠኝ አስጠነቀቀኝ። "የሞተርሽ መሬት ፖዘቲቭ ከሆነ ትቃጠላለች። የምትሠራው በነጌቲቭ መሬት ብቻ ነው።"

መሬት ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ክፋት አለው? እኔ ሰው ሁሉ ፖዘቲቭ ሁኑ ሲል ነው የምሰማው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ለኤሌክትሪሻኑ ደወልኩ። "ቆጣቢው" ነው የምንለው፣ ቃል ስለሚቆጥብ። ክንዱ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ ቢረዳኝም በስልክ ነው።

"የድሮ እንግሊዝ ፖዘቲቩ መሬት ነው፣ እትዬ። ገልብጪው።"

"ምኑን?"

"ፖዘቲቩን ከመሬት አንሺ። ነጌቲቩን መሬት አድርጊ።" ዘጋው።

ዕቃ ቤት ገባሁ። ለሥራው ያወጣሁት ባትሪ እውነትም ወለሉ ላይ ነው። ከመሬት አነሣሁት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ግማሹ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ነጌቲቩን ብቻ ለይቼ እንዴት መሬት እንደማወርደው ግን... ሁለቱም ያው አንድ ባትሪ ላይ አይደሉ?

ደግሜ ደወልኩ። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ ማውጣቴን ስነግረው ሳቀ፣ ቆጣቢው፣ ሲስቅ ሰምቼው የማላውቀው ሰውዬ። "መሬት ማለት የሞተሩ አካል ነው፣ እትዬ። ብረቱ።"

ጎማ ላይ የቆመ ብረት እንዴት ነው መሬት የሚሆነው? ጠየቅኩት። ዘግቷል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሦስት ፊውዝ ተቃጠለ። ምን አጠፋሁ? ነጌቲቩን ከብረቱ ጋር አሰርኩ፣ እንዳለኝ። ቀዩን ሽቦ ከፕላስ ጋር አገናኘሁ። ቀይ ፕላስ መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

ባለቤቴ ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ያያል። "ኢንጂነሯ፣ ደግሞ የምን ሽታ ነው?"

"ሃያ ዓመት ነድተኸው ቀዩ ሽቦ የት እንደሚሄድ አታውቅም?"

"ነዳሁት እንጂ አላገባሁትም።"

ሳቄ መጣ። ግን አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ... ቢወስዱትስ? ጠዋት ጠዋት ምን ረግጬ ልቀሰቅስ ነው?

እሑድ፣ የካቲት 9

ቆጣቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ። "ቀዩ መሬት ነው።"

ቀይ አፈር? ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሻይዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ ተነሥቼ ቀዮቹን ሽቦዎች በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። የመብራቱም፣ የጥሩምባውም... ሁሉም ዞረው ዞረው ብረቱ ላይ ነው የታሰሩት። ለካ እንግሊዞቹ ፕላሱን ከብረቱ ጋር ስላሰሩት ነው ቀይ ያደረጉት። አሁን ብረቱ ነጌቲቭ ሲሆን ቀዩም አብሮ ነጌቲቭ ሆነ ማለት ነው። እኔ ፕላሱን ቀጥታ ከብረቱ ጋር እያጋጨሁ ነበር ለካ። ወደ ፕላስ በፊውዝ በኩል የሚሄደው ቡናማው ነው።

ገባኝ ልበል? እጄ ገብቶታል፣ ጭንቅላቴ ገና ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፦ ቀይ መሬት ነው፣ አትከራከሪ።

የፊት መብራቱ በራ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ረግጬ ላስነሣው እግሬን ሳነሣ ስልክ። ቆጣቢው ራሱ ደወለ፣ ጉድ ነው።

"አስነሣሽው?"

"ልረግጠው ነው።"

"እንዳትረግጪው። ዲናሞው የድሮውን ያስታውሳል። ሽቦዎቹን ንቀይና ከፕላስ በአንድ ሽቦ ኤፍ የሚለውን ነካ አድርጊ። ያኔ ይለምዳል።"

"ነካ ስንት ሰከንድ ነው?"

"ነካ።"

"እኮ ነካ ማለት..."

ዘጋው። ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ሽቦዎቹን ነቅዬ፣ ኤፍ የተጻፈበትን ጫፍ ነካ አደረግኩ። ትንሽ ፍንጣሪ። ብረት የድሮውን መርሳቱ በምን ይታወቃል? ባለቤቴን ጠየቅኩት። "እኔን ነው የምትጠይቂ? እኔ እንኳ አልረሳሁም" አለና ወደ ቤት ገባ። ሲገባ ያነከሰው ከወትሮው በላይ መሰለኝ። ምን ማለቱ ነበር?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ተነሣ። ቻርጅ የሚያሳየው ቀስት ወደ ግራ ሄደብኝ፤ የቀስቱን ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኩ፣ ወደ ቀኝ መጣ። ሳጥኗም አልተቃጠለችም። ግን ግራውን ስጫን ቀኙ ይበራል... ነገ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

መርማሪው ልጅ እግር ነው። ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን አየና ግንባሩን ቋጠረ። "ቀዩ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ቀዩ መሬት ነው።"

"ማን ሠራልዎት?"

"እኔ።"

ቀና ብሎ አየኝ፣ ተመልሶ ሽቦውን አየ። ግራ አለ፣ ግራው በራ። ቀኝ አለ፣ ቀኙ። ማህተሙን መታ።

ባለቤቴ በታክሲ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ለብረት ገዢው ደውሎ "ቅዳሜ አትምጣ፣ ብረት የለንም" አለው። ታክሲው ሄዷል። እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ከኋላዬ ተቀመጠ።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘረጋው፣ ድሮ ሲነዳ እንደሚያደርገው።

"እጅህን ሰብስብ" አልኩት። "ፍሬቻ አለን።"

ሰበሰበው... ወገቤ ላይ።