ድርቀቱ ጋሼን እስኪለቀው

ቅዳሜ፣ ጥር 16፤ ጧት

ጋሼ እንደገና ሽንት ቤት ነው። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። የጎረቤት ክፍሉ ጀማል በጣቱ ያንኳኳል። «አስናቀ ወንድሜ፣ ኢቃማ እዚያ ውስጥ ነው እንዴ የሚታደሰው?» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ከውስጥ፦ «ያላ፣ ሂድ ከዚህ! ከፊሌ ገና አልፈረመም!»

እኔም ሳቅኩ፤ ከፊል የሚባለው ዋስ አሠሪ ካልፈረመ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ አይታደስም። ሲወጣ ግን ግንባሩ በላብ ርሷል። በዚህ ብርድ። ፊቱ አመድ። ምንም የለም አለኝ በእጁ።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን ላስረዳሽ። ጋሼ የምለው አስናቀ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሱለይ ሰፈር ጋራዥ ይሠራል። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ፣ አስመርቆም ወደዚህ ሪያድ ያመጣኝ እሱ ነው። ከጥምቀት በፊት ክሊኒክ ሄዶ ስኳር አለብህ ተባለ። ኪኒን ሰጡት፤ ካርቦሃይድሬት ቀንስ አሉት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ተምር፦ ኸላስ፣ አበቃ። ስኳሩ ወረደ። መለኪያው ላይ ቁጥሩን ባየ ቁጥር እንደ ልጅ ይፈነጥዛል። ሆዱ ግን ደረቀ። ቢቀናው እንደ ጠጠር ነው፤ ደምም አለው።

ስሕተቱን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ምግብ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጾምና የፍስክ። ጋሼም ዳየቱን በዚያው ከፈለው። እህል የጾም ነው፤ ስለዚህ የጾም የሆነ ሁሉ ክልክል። ጧት እንቁላል፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ ሥጋ ከአይብ ጋር። ጎመን ሳቀርብለት ሳህኑን ይገፋል፤ እኔ ፍስክ ላይ ነኝ ይላል። የንስሐ አባቱ ስለ ሕመሙ ረቡዕና ዓርብን እንዳይጾም በስልክ ፈቅደውለታል። ውሃም አይጠጣም። የጋራዡ ሽንት ቤት ሩቅ ነው፤ ሙዲሩ፣ አለቃው፣ ይቆጣል።

ዛሬም ጎመን አቀረብኩ። ዛሬም ገፋው።

ሰኞ፣ ጥር 18፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

አውቶቡስ ውስጥ። ከቃለ መጠይቅ እየተመለስኩ ነው። የግንባታ ቁጥጥር ቢሮ። ጥሩ ሄደ መሰለኝ! ሰውዬው ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ። እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ለእማዬ ከመንገር በፊት ውጤቱን ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልደውል?

ፌስቡክ ከፈትኩ። የአጎቴ ልጅ የእማዬን ፎቶ ለጥፏል። የጥምቀት ልብሷን ለብሳ። ከሥሩ፦ ነፍስሽን በገነት ያኑረው።

እጄ

ያው ቀን፤ ማታ

የት እንደወረድኩ አላውቅም። በእግሬ መንፉሐ ሰፈር ደረስኩ፤ ሐጂ ይማም ሱቅ። ሐጂ የሐይቅ ሰው ናቸው፤ የአገራችን ልጅ ሁሉ መርዶ የሚመጣው በእሳቸው በኩል ነው። ፊቴን አይተው አንድም ቃል ሳይጠይቁ የሱቁን መዝጊያ አወረዱ። አጎቴ ደውሎላቸዋል። እማዬ ያረፈችው ቅዳሜ ጧት ነው። ለሁለታችንም ዓርብ ሊያረዱን ነበር፤ ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን።

ቅዳሜ ጧት። እኛ በር ላይ ስንሳሳቅ።

አሁን እኔ አወቅኩ። ጋሼስ? የሆዱን ነገር ነገርኳቸው። ትናንት ሲያምጥ ዓይኑ ጨልሞበት ግድግዳ ተደግፎ እንደወጣም ነገርኳቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፦ «በታመመ ሰው ላይ መርዶ አንጥልም። ድርቀቱ ይልቀቀውና እንመጣለን። እስከዚያ አንተ ሰው ሁን፣ ልጄ። አደራ።»

ስለዚህ የእናቴ ሞት የሚነገረው የወንድሜ ሆድ ሲለሰልስ ነው። እንዲህ ሲጻፍ ያስቃል። አላሳቀኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ጀማል አንኳኳ። አንተም ተያዝክ እንዴ አለ። አዎ አልኩት።

አሁን በሽታው የሁለታችን ነው። ዓይኔ ያበጠው በማማጥ ነው ተብሏል። ጋሼ አዘነልኝ። የራሱን ትቶ እኔን ውሃ ጠጣ ይለኛል! በትምህርት ጊዜም ትንሽ ስጨነቅ ሆዴ ይደርቅ እንደነበር ለጀማል አወራለት። እማዬ ታውቃለች አለ። እማዬ ጋ እንደውል አለ።

አገር ቤት ኔትወርክ የለም አልኩ። ብዙ ጊዜ ስለማይኖር አመነኝ። ስልክህ ሞልቷል፣ ላጽዳልህ ብዬ ፌስቡኩንም አጠፋሁበት። አመሰገነኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ክሊኒክ። ዶ/ሯ ሱዳናዊት ናት። እኔ አስተረጉማለሁ። ምን ይበላል? ሥጋ። ሌላስ? እንቁላል። ሌላስ? ሥጋ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ተልባ ማን ከለከለህ? ስኳርህን አይሰቅሉትም፣ ሆድህን ያለሰልሳሉ። ውሃ ጠጣ። ከሥራ በኋላ በእግርህ ሂድ። አታምጥ። ዳየቱ ይቀጥል፤ አንተ የቀነስከው እህሉን ብቻ ሳይሆን አትክልቱንም ነው። የሚያለሰልስ ሽሮፕ አዘዘች።

ጋሼ በመንገድ ላይ አኮረፈ። «ፍየል ነኝ እንዴ ቅጠል የምጋጠው?» ሽሮፑን ቀመሰና ክዳኑን ገጠመው። ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ነው፤ አልጠጣም። ዶ/ሯ እያወቀች ነው የሰጠችህ ብል፣ ብለምን፣ ጮክ ብል። ኸላስ ብሏል።

መጮኼ አስደነገጠው። ጮኼበት አላውቅም። ይህን ሽሮፕ ለምን እንዲህ እንደፈለግኩት፣ ደግሞም እንዳልፈለግኩት፣ በምን ልንገረው።

ከሰዓት ቢሮው ደወለ። እሑድ ሥራ ጀምር! ስልኩን ዘግቼ ጣቴ የእማዬን ቁጥር ጫነ። ሳላስብ። ጠራ። እዚያ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ይጮሃል፣ ለቀስተኛው መሀል። ዘጋሁት።

ጋሼ ግንባሬን ሳመኝ። «ኢንጂነር! እማዬ ስትሰማ እልልታዋ ሪያድ ድረስ ነው የሚሰማው!»

እሑድ፣ ጥር 24

የራሴ ጠረጴዛ። የራሴ ኮምፒውተር። ጠረጴዛው ላይ የፎቅ ፕላን ዘርግተውልኝ ሙሉ ቀን ስሕተት ፈለግኩ፤ ሁለት አገኘሁ። ለአራት ዓመት የተመኘሁት ወንበር ነው። ደስ አለኝ፤ እውነት። ቀጥሎ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ጥቁር ሸሚዝ ነበር የለበስኩት። ለመጀመሪያ ቀን ምነው ደማቅ ብትለብስ ብሎኝ ነበር ጋሼ ጧት።

ሐጂ ደወሉ፤ ገና ነው አልኳቸው።

ማታ ጋሼ ነገ ነነዌ ይገባል አለኝ። ሦስቱንም ቀን ሊጾም ነው። ኪኒኑስ? ንስሐ አባትህ ፈቅደውልህ የለም ወይ? ነነዌ አጭር ናት፣ አልተዋትም አለ። እማዬን በሕልሙ አይቷታል። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። «ለእሷ ጤና ነው የምጾመው።»

ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ሽንኩርት ያዘዘኝ የለም።

ሰኞ፣ ጥር 25፤ ማታ

ሥጋውንና እንቁላሉን ጾሙ ከለከለው። እንጀራውን ስኳሩ። ጋሼ ባዶ ድስት ፊት ቆሞ ያስባል። ምን ቀረኝ? ጎመን ቀረህ አልኩት። ተልባ ቀረህ። ትንሽ አየኝና ሳቀ። በሃይማኖቴ በኩል ገባህብኝ አለ።

ጎመኑን በዘይት አረጠብኩት፤ በደንብ። ተልባውን ከሐጂ ሱቅ አመጣሁ፤ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በውሃ በጠበጥኩት። ተልባ ያለ ውሃ መልሶ ያደርቃል፤ ስለዚህ ከላዩ ሌላ ውሃ አስጠጣሁት። በባዶ ሆድ እንዳይውል ተማማልን፤ ቀን ላይ ጎመኑን በልቶ ኪኒኑን ይውጣል፤ እኔ ከቢሮ እየደወልኩ አረጋግጣለሁ። ከራት በኋላ እስከ ጉበይራ ሰፈር በእግራችን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ እማዬ ያወራል። የተልባ ስልጆዋን። እኔ እህ እላለሁ። እህ።

ከመተኛቱ በፊት ቆሞ ጸለየ። ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ከሕያዋን ጋር ነው የጠራት።

ረቡዕ፣ ጥር 27፤ ከሥራ መልስ

ድምፁ ከደረጃው ሥር ይሰማል። ኮሪደር ላይ ቆሞ ለጀማል ያበሥራል። ያለ ምጥ! ያለ ደም! ጀማል እንደ ሙሽራ ያጨበጭብለታል። እኔን ሲያይ ሮጦ አቀፈኝ። ቀለል ብሎታል፤ ዓይኑም ጠርቷል።

እግዚአብሔር ሰማኝ አለ። የእኔን ሆድ ከፈታ የእማዬን ጤና አይነሣኝም። በል ደውልልኝ፣ ልንገራት።

ኔትወርክ አልኩ።

«ይኼ ኔትወርክ ደግሞ!» አለና ሄደ። ገና እየሳቀ ነው።

ወዲያው ሐጂ ደወሉ። ስልኩ እጄ ውስጥ ይነዝራል። ገና ነው ብላቸውስ? ድርቀት ነው፤ ማን ገብቶ ያያል? አንድ ሳምንት እናት ይኖረዋል። እስከ ዐቢይ ጾም ይኖረዋል። ዳየቱን አስተካክሎ፣ ጎመኑን በልቶ፣ እየሳቀ። መሸከሙን ለምጄዋለሁ።

አላነሣሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ጋሼ ከሥራ ሲመለስ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጣ። ለእማዬ ነው። በጥር እግሯን ይቆረጥማታል፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈልግልኝ አለ። ላስቲኩን ሳይቀድ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ቀለሙን ትወደዋለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትወደዋለች አልኩ።

ያኔ ገባኝ። እናት እየሰጠሁት አይደለም። የሞተች እናት ብርድ ልብስ እያስገዛሁት ነው። ነገ ነጠላ ይገዛላታል። ሲሰማ እያንዳንዷን ቀን መልሶ ያስባታል፤ በእያንዳንዷ ቀን ፊቴ ምን ይመስል እንደነበረ ያስታውሳል። አልቅሶ መቅበር ባይችል ማልቀስ እንኳ የእሱ ነው። ይዤበታለሁ።

ወሰንኩ። ሐጂ ጋ ደወልኩ። ለቀቀው አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም።

ነገ ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ። እህል ከመቅመሱ በፊት ነው የሚነገረው፣ ወጉ ነው አሉ። ስኳር አለበት፣ በባዶ ሆዱ አይሆንም አልኩ። ተከራከሩኝ። አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ይሁን አሉ፤ አብላው፣ ታች ሆነን እንጠብቃለን።

ዓርብ፣ ጥር 29፤ ጎሕ ሲቀድ

እንቁላል በጎመን ሠራሁለት። በላ፤ ሁሉንም። ዛሬ ምን ነካህ፣ በዕረፍት ቀን በሌሊት የምትቀሰቅሰኝ አለ። ኪኒኑን ዋጠ። ውሃውን ሳልነግረው ጨምሮ ጠጣ። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሽንት ቤት ገባ። ያፏጫል።

ታች ለሚጠብቁት ደወልኩ። ወጡ። ሐጂ ከፊት፣ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የጋራዡ ልጆች። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አንዷ እናት ብርድ ልብሱን አይታ ፊቷን አዞረች። መቀመጥ አቃተኝ፤ ጥግ ቆሜ ይህን እጽፋለሁ፤ ለእጄ ሥራ እንዲሆነው።

ከውስጥ ይጣራል። «ኢንጂነር! ሰው መጣ እንዴ?»

መጣ አልኩ።

«በዚህ ጧት? እነማን ናቸው?»

ፉጨቱ ቆመ። ውሃው ይወርዳል። አሁን ውሃውም ቆመ። ጋሼ አይወጣም። ሐጂ ብድግ እያሉ ነው።

አይሆንም። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው። እኔ ልሂድ፤ በሩ ጋ እኔ