ወፍጮ ሲወቀር የሚዘጋው በር

ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1963፤ ወልድያ

እንድሪስ፣ ዛሬም ሰው ሁሉ ብርድ ነው የገደለው እያለ ነው። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለነፍስህ ሰደቃ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ «ወንድምህ ላብ እያላበው ወጥቶ ነው ብርድ የመታው» አሉኝ። «አይደለም አባባ» አልኳቸው። እማዬ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲዶለዱም የከተማውን ወፍጮ ሁሉ እየዞርክ በመሮ የምትወቅረው አንተ ነበርክ። ማታ ቅንድብህ ነጭ ሆኖ ትመለሳለህ። ወንድሜ ሸመገለ እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ከክፍል በኋላ ህንዱን የባዮሎጂ መምህራችንን ስለ ሳንባ ጠየቅኳቸው። ሰሌዳው ላይ ሳንባ ሣሉ። ውስጡ እየዞሩ ጀርምና አቧራ የሚውጡ ዘበኛ ሴሎች አሉ አሉኝ።

«የድንጋይ ብናኝ ሲሆንስ?»

ሳንባው ላይ በጠመኔ ነጥብ ነጠቡ። ሴሉ ይውጠዋል፣ ሊፈጨው ግን አይችልም። ብናኙ ከውስጥ ይገድለዋል። ሴሉ ሲፈነዳ ያው ብናኝ ይወጣል፣ ሌላው ዘበኛ ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። ሳንባው እየደደረ ይሄዳል። የሳንባ ነቀርሳ ሲመጣ የሚከላከል ዘበኛ የለም።

ዱቄትም ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ የድንጋዩ ግን የባሰ ነው አሉ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። የወፍጮ ቤቱን በር የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላግዝህ ስመጣ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ብናኙ እህላቸው ላይ እንዳያርፍ ወፍጮ ሲወቀር በር ይዘጋል፤ ደንብ ነው። የበሩን ስንጥቅ በጆንያ እደፍን ነበር። ጎበዝ ትለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

እማዬ በቀትሩ አውቶቡስ ወደ ውርጌሳ ተመለሰች። «ትምህርትህን እንዳትተው» አለችኝ።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። አብሮህ ይወቅር የነበረው ካሳ ነገ ጠዋት ድንጋዩን ይወቅራል። ባለወፍጮውን፣ «አቶ ደምሴ፣ በሩ ክፍት ይሁን» አልኳቸው። ህንዱ መምህር ያሉትንም ነገርኳቸው።

«አስኳላ የገባ ሁሉ ነገረኛ ሆነ» አሉ። «የወንድምህ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«በር ተዘግቶበት ነው» አልኩ።

አጠገባቸው የነበረው ካሳ ሳቀ። «እንድሪስ ቀጭን ነበር። እኔን አቧራውም ይፈራኛል።» ሲሸኘኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ የህንዱ ነገር... ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ።

«አላውቅም። አንተ ስንት ዓመት ወቀርክ?»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ውሃ ቀዳሁ። ፍራሽህን አጠፍኩ። ሁለት ኩባያ አወረድኩ፣ አንዱን መለስኩ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤት ግን አልሄድኩም።

ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ እንዳይዘጋ እግሬን ዘረጋሁ።

«ተነስ» አሉኝ አቶ ደምሴ።

«አልነሳም።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። «ዱቄታችንን አሸዋ ሊያደርገው ነው እንዴ?» አለች አንዷ። በሩ የተዘጋበት ሰው ሳንባ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ ነው የነገርኳቸው፤ በአማርኛ ሴል ምን እንደሚባል አላውቅም።

እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ትኩር ብለው አዩኝ። «የእንድሪስ ወንድም አይደለህ?»

«ነኝ።»

«እህሉ እኮ ይነሳል» አሉና ጆንያቸውን እየጎተቱ አጥሩ ሥር ወሰዱት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አቶ ደምሴ፣ «ለዛሬ ብቻ ነው» ብለው ሄዱ።

ካሳ ድንጋዩ ላይ ውሃ ረጨ፣ አፉን በጨርቅ አሰረ፣ ጀመረ። ብናኙ በአጠገቤ እያለፈ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ለምሳ ሲወጣ ጨርቁን ፈትቶ አየው፣ አጠበው፣ አሰጣው።

«የላይኛውን ድንጋይ የምወቅረው ነገ ነው» አለኝ።

ነገ የሂሳብ ፈተና አለኝ።

«በስንት ሰዓት ትጀምራለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።